ኩላሊትን በዕለታዊ ልማድ መጠበቅ፦ ከግፊት መለኪያው እስከ ጨው ዕቃው

ኩላሊቱን ለመጠበቅ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ አብዝቶ መጠጣት ይጀምራል። ጨው የበዛበትን ወጥ ግን እንደ ወትሮው ይበላል፣ የደም ግፊቱን ከተለካ ዓመት አልፎታል፣ ወገቡን ባመመው ቁጥርም «ኩላሊቴ ነው» እያለ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይውጣል። በተለይ ይህ የመጨረሻው ልማድ አሳሳቢ ነው፤ ለኩላሊት ተብሎ የሚዋጠው ክኒን ራሱ ኩላሊትን ከሚጎዱት መድኃኒቶች አንዱ ነውና።

ለሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ዋነኞቹ መንስኤዎች የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። በሽታው ደግሞ ለዓመታት ያለ ሕመም ሊቆይ ስለሚችል፣ ሰውነት ምልክት እስኪሰጥ መጠበቅ ጊዜን ማባከን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከመለካት ይጀምራሉ፤ ውሃ አምስተኛ ላይ የተቀመጠውም ሆን ተብሎ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳያዛቡ ይከተሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ አንድ ደብተር፣ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዲሁም በቤት ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ የሚሰበስቡበት ከረጢት። መለኪያ መግዛት ካልቻሉ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ሊለካዎት ይችላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይለኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የኩላሊት በሽታ እንዳለብዎ አስቀድሞ የተነገረዎት፣ የልብ ድካም ያለብዎ ወይም ነፍሰ ጡር የሆኑ ከሆነ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት በዚህ የተጻፈውን ከሐኪምዎ ጋር ሳይመክሩ አይተግብሩ። ለጤነኛ ሰው የሚበጀው ውሃና ፍራፍሬ ለእርስዎ ሊጎዳዎት ይችላል።

ደረጃ 1፦ መነሻ ቁጥሮችዎን ይወቁ

1. ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ «ኩላሊቴን መርምሩልኝ» ብለው ብቻ አይመለሱ። የደም ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ)፣ ከእሱ የሚሰላው የኩላሊት የማጣራት አቅም (ጂ.ኤፍ.አር.)፣ የሽንት ፕሮቲን ወይም አልቡሚን (አንድ የፕሮቲን ዓይነት)፣ የደም ስኳርና የደም ግፊት እንዲታይልዎ ይጠይቁ።

2. በዋዜማው ከባድ የአካል እንቅስቃሴ አያድርጉ፤ ብዙ ሥጋም አይብሉ። ሁለቱም ውጤቱን ከፍ አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። ትኩሳት ካለብዎ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከያዘዎት ወይም በወር አበባ ላይ ከሆኑ የሽንቱን ምርመራ ያዘግዩ። ለአልቡሚን ምርመራ የተሻለው የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ነው።

3. ውጤቱን ሲቀበሉ ክሪያቲኒኑን ብቻ አይተው አይረኩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ክሪያቲኒን በዕድሜና በጡንቻ መጠን ስለሚለያይ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ለሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ትርጉም አለው። ለምሳሌ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ውጤት ለ25 ዓመት ወጣት ወንድ ወደ 86 የሚጠጋ የማጣራት አቅምን ሲያመለክት፣ ለ70 ዓመት እናት ግን ወደ 49 ዝቅ ይላል። ወረቀቱ በሁለቱም ላይ «ኖርማል» ሊል ይችላል። ላቦራቶሪው ጂ.ኤፍ.አር. ካላሰላልዎ ሐኪሙ ከዕድሜና ከጾታ ጋር አገናዝቦ እንዲያሰላው ይጠይቁ።

4. ቁጥሮቹን በደብተርዎ ከነቀኑ ይጻፉ። ጂ.ኤፍ.አር. ከ60 በታች ሆኖ ለ3 ወራትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን ለአንድ ግራም ክሪያቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ለዚያው ያህል ጊዜ ከዘለቀ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ይባላል። ከ15 በታች የወረደ ጂ.ኤፍ.አር. ኩላሊቱ ሥራውን ወደ ማቆም መድረሱን ያሳያል።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር አስተውሉ። የቆዩ የላቦራቶሪ ውጤቶች ለጥቁር ሰዎች ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ቀመር ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዲሱ ቀመር ዘርን አስወጥቷል፤ ስለዚህ የድሮውን ወረቀት ከአዲሱ ጋር አስተያይታችሁ «ኩላሊቴ በአንድ ጊዜ ወረደ» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት የትኛው ቀመር እንደተሠራበት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ። አይደናገጡ፤ ችላም አይበሉ። የነበረብዎ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለፈ በኋላ ይድገሙት። ሁለተኛውም ካሳየ ሐኪም ይከታተልዎ።

ምን ያህል ጊዜ? የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም ኤች.አይ.ቪ. ካለብዎ፣ ከቤተሰብዎ በኩላሊት የታመመ ካለ፣ ወይም በእርግዝና ወቅት ግፊትዎ ከፍ ብሎ ከነበረ በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመሩ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ምርመራውን የሚጀምረው በሽታው ከታወቀበት ዕለት አንሥቶ ነው፤ ስኳሩ ከመታወቁ በፊት ሳይሰማው ለዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 2፦ የደም ግፊትዎን በትክክል ይለኩ

በቤት ውስጥ የሚለኩ ሰዎች ቁጥሩ ዛሬ 160፣ ነገ 125 ሲልባቸው መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ይተዉታል። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው በአለካኩ ላይ ነው።

1. ከመለካትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ደረጃ አይውጡ፤ ሽንትዎንም አስቀድመው ይሽኑ።

2. ጀርባዎን በሚደግፍ ወንበር ላይ ለ5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። እግሮችዎ ሳይነባበሩ መሬት ይርገጡ። ዝቅተኛ ዱካ ላይ ጉልበትን አጥፎ ተቀምጦ መለካት ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም።

3. ማሰሪያውን በባዶ ክንድ ላይ ያድርጉ፤ በሹራብ ወይም በጋቢ ላይ አያድርጉት። ክንድዎን በጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ከልብዎ ትይዩ ያድርጉት።

4. እየለኩ አያውሩ፤ ስልክም አይመልሱ።

5. በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ጠዋት መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመተኛትዎ በፊት፣ ለ7 ተከታታይ ቀናት ይህን ያድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪዎቹን ቀናት አማካይ ያውጡ።

በጤና ተቋም ሲለኩ በተደጋጋሚ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር የደም ግፊት በሽታ ይባላል፤ በቤት ሲለካ ግን አማካዩ 135/85 ከደረሰ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ኩላሊታቸው የተነካ ወይም ስኳር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከ130/80 በታች እንዲሆኑ ይፈለጋል።

ቁጥሩ እየዘለለ ካስቸገረዎ በቅድሚያ የማሰሪያውን ስፋት ይመልከቱ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ግፊቱን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩት መለኪያዎች በክንድ ላይ ከሚታሰሩት ያነሰ አስተማማኝ ናቸው። ከዚያ መለኪያዎን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱና ከእነሱ መለኪያ ጋር ያስተያዩት።

መድኃኒት ተጽፎልዎ ከሆነ ቁጥሩ ስለወረደ ብቻ አያቋርጡት። የወረደው በመድኃኒቱ ኃይል ነው፤ ሲያቋርጡት ተመልሶ ይወጣል። ሳል ወይም ማዞር ካስከተለብዎ የሚቀይርልዎ ሐኪም ነው።

ደረጃ 3፦ ጨውን ይቀንሱ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው። የቀኑን ምግብ ሁሉ ያጠቃልላል፤ ከዳቦው፣ ከበርበሬውና ከወጡ የሚገባው ሁሉ አንድ ላይ ተቆጥሮ ማለት ነው።

1. መጀመሪያ ቤትዎ ምን ያህል ጨው እንደሚጨርስ ይወቁ። አዲስ የ1 ኪሎ ጨው ሲከፍቱ ቀኑን ላዩ ላይ ይጻፉበት። ለአምስት አዋቂዎች የ30 ቀን ጣሪያ 750 ግራም ነው። ኪሎው ከወር በፊት ካለቀ፣ ከውጭ የሚገዛው ዳቦና ሌላው ምግብ ሳይቆጠር እንኳ ከልክ በላይ ነዎት።

2. የተደበቀውን ጨው ይፈልጉ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ተጨምሮበት ይፈጫል፤ በየቤቱ ሽሮም እንዲሁ። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ድልህና ቋንጣ ጨው አላቸው፤ የሾርባ ኩብ ደግሞ በአብዛኛው ጨው ነው። ወጥ የምትሠራው ሰው በርበሬውን ጨምራ፣ ኩቡን ጨምራ፣ በመጨረሻም «ጨው አነሰው» ብላ ሌላ ትጨምራለች። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጩ ያለ ጨው ያስፈጩ።

3. ጨው በድስት ውስጥ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ በሻይ ማንኪያ ተለክቶ። በእጅ ቆንጥሮ መጨመር ይቅር። የሚጨምረውም ሰው አንድ ይሁን። ሁለት ሰው በሚቀምሰው ድስት ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ይገባል።

4. በአንድ ጊዜ ግማሹን አይቀንሱ። ሩቡን ይቀንሱና ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት በዚያው ይቆዩ። ምላስ ይለምዳል፤ ከዚያ ሌላ ሩብ ይቀንሱ።

5. የጨው ዕቃውን ከገበታ ላይ ያንሡ። ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ከሆነ ይህም ይቆጠራል።

ቤተሰቡ «ምግቡ አልጫ ሆነ» ብሎ ካማረረ የሎሚ ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና በሶብላ ይጨምሩ። ጎምዛዛ ጣዕም የጨውን መቅረት ከሁሉ በተሻለ ይሸፍናል። ያም ካልሠራ ወደ ቀደመው መጠን ሙሉ በሙሉ አይመለሱ፤ ግማሽ መንገድ ተመልሰው እንደገና ይጀምሩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ጨው ለመቀነስ ብለው አዮዲን ወደሌለው ጥሬ ጨው አይሂዱ፤ ሮዝ ቀለም ያለው ውድ ጨውም ያው ሶዲየም ነው። ሁለተኛ፣ «የጨው ምትክ» ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ፖታሲየም የያዙ ናቸው። ኩላሊቱ ለደከመና እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም በደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምትን እስከ ማዛባት ሊደርስ ይችላል። ያለ ሐኪም ፈቃድ አይግዟቸው።

ደረጃ 4፦ የመድኃኒት መሳቢያውን ይፈትሹ

1. በቤት ያለውን ክኒን፣ ሽሮፕ፣ ቅባትና የባህል መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። የንግድ ስሙን ትተው በጀርባው በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒት ስም ያንብቡ።

2. ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና ኢንዶሜታሲን የሚል የተጻፈባቸውን ለብቻ ያስቀምጡ። እነዚህ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ ለጥቂት ቀናት ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ ጉዳት አያስከትሉም፤ በየሳምንቱ መዋጥ፣ በባዶ ሆድና ውሃ ሳይጠጡ መዋጥ፣ ወይም በ«ጠንካራ መርፌ» መልክ መወጋት ግን ሌላ ነገር ነው። መርፌው ከክኒኑ የተሻለ ለኩላሊት አይራራም።

3. የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን በተለይ ያስተውሉ። ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት፣ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላሲክስ ያለ ሽንት የሚያሸና ክኒን፣ በዚያ ላይ ዲክሎፌናክ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ሊደክም ይችላል። ሁለቱን የጻፈልዎ ሐኪም ነው፤ ሦስተኛውን ግን ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው ይሆናል።

4. ፋርማሲ ሲገቡ እንዲህ ይበሉ፦ «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ኩላሊት የማይጎዳ ማስታገሻ ስጡኝ።» ለአብዛኛው ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ ወይም አልኮል የሚያዘወትር ደግሞ ከዚያ ማነስ አለበት።

5. ከዘመድ የተረፈ አንቲባዮቲክ አይውሰዱ። ጄንታማይሲን የተባለው መርፌ በተለይ ያለ ክትትል ሲወሰድ ኩላሊትን ይጎዳል። ኦሜፕራዞልንም ለጨጓራ እያሉ ያለ ሐኪም ለወራት አይቀጥሉ።

6. መጠኑና ይዘቱ የማይታወቅ ሥርና ቅጠል ቀቅለው አይጠጡ፤ በተለይ «ኩላሊትን ያጥባል» እየተባለ የሚሸጠውን። ፊት የሚያነጡ አንዳንድ ክሬሞችና ሳሙናዎች ሜርኩሪ ይይዛሉ፤ ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ክሬም ይጣሉ።

ወገብዎን ሲያምዎት ክኒን ከመፈለግዎ በፊት ይህን ይለዩ። ኩላሊቶች ያሉት ከጀርባ በኩል፣ በጎድን አጥንት ግርጌ ግራና ቀኝ ነው። ሲጎነበሱና ሲነሱ የሚለዋወጥ የታችኛው ወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ወይም የአከርካሪ ነው። የኩላሊት ጠጠር ሕመም ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት እየወረደ፣ እየመጣና እየሄደ ሰውን መቀመጫ ያሳጣል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ይታከሙ።

ደረጃ 5፦ ውሃ

ለሁሉም ሰው የሚሠራ አንድ የብርጭቆ ቁጥር የለም። ሲጠማዎ ይጠጡ፤ የሽንትዎን ቀለም ይመልከቱ። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፤ ከጠቆረ ይጨምሩ። የቢ ቫይታሚን ክኒን፣ ቀይ ሥርና ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ቀለሙን ስለሚለውጡ፣ እነዚህን እየወሰዱ በቀለም አይመሩ።

ጠጠር ወጥቶብዎ የሚያውቅ ከሆነ በቀን ቢያንስ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት የሚያስወጣ ያህል ውሃ ይጠጡ። ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ላይ ሽንት ቤት እንዳይቸግር ብለው ከዋዜማው ጀምረው የሚጠሙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከዚህ ይልቅ በጉዞው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥርም ይሽኑ። በዐረብ አገራት በፀሐይ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ጥም እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ለስላሳ መጠጥና ኃይል ሰጪ ተብለው የሚሸጡት መጠጦች ውሃን አይተኩም።

ደረጃ 6፦ ለጾምና ለሕመም ቀናት አስቀድመው ይዘጋጁ

1. ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና የመድኃኒትዎ ሰዓት ወደ ማታ መዞር ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ጠዋት የሚወሰደውን ክኒን በጾም ምክንያት ዝም ብሎ መዝለል ግፊትን ለሳምንታት ያለ ጠባቂ መተው ነው።

2. ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ያለ ምክር አይጹሙ፤ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። በሽተኛን ሁለቱም ሃይማኖቶች አያስገድዱም፤ የነፍስ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ።

3. ተቅማጥና ትውከት ሲይዝዎት አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ከረጢቱን በግማሽ ሊትር አይበጥብጡት፤ ጨውና ስኳሩ ከልክ በላይ ይሆናል።

4. ኢናላፕሪል፣ ላሲክስ ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ በተቅማጥ ቀናት ለጊዜው መቆም ይኖርባቸው እንደሆነ ሐኪምዎን አሁን፣ ሳይታመሙ ይጠይቁና መልሱን በደብተርዎ ይጻፉ። በሌሊት ሲታመሙ የሚጠይቁት ሰው ላያገኙ ይችላሉ።

ደረጃ 7፦ ስኳር፣ እንቅስቃሴ፣ ሲጋራና ጫት

ስኳር ያለባቸው ብዙ ታካሚዎች በጾም ሲለኩ ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ የሦስት ወሩ አማካይ ምርመራ (ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ.) ደግሞ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ የእርስዎን ግብ ሐኪምዎ ይወስናል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ሲጋራ ያቁሙ። ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ መቃም አንዱ የሠራውን በሌላው ማፍረስ ነው።

ደረጃ 8፦ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦ ሽንት ውስጥ ደም፤ ከ8 ሰዓት በላይ ምንም ሽንት አለመምጣት፤ ጠዋት ሲነሱ የዓይን ዙሪያ ወይም የእግር ማበጥ፤ ትንፋሽ ማጠር፤ ከትኩሳት ጋር የጎን ሕመም፤ ወይም ግፊት 180/120 እና ከዚያ በላይ። ለቀናት የሚቆይ አረፋማ ሽንት በሳምንቱ ውስጥ ይታይ።

ሲሄዱ ደብተርዎንና የመድኃኒት ከረጢቱን ይያዙ። ከማንኛውም መርፌ በፊት፣ እንዲሁም ለሲቲ ስካን በደም ሥር ቀለም ከመሰጠትዎ በፊት፣ የመጨረሻው የኩላሊት ውጤትዎ ስንት እንደነበር ለባለሙያው ይንገሩ። መጨረሻ የሸኑበትን ሰዓትና በሳምንቱ ውስጥ የዋጧቸውን ማስታገሻዎች ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ እነዚህን ነው።